100 ቄብ ዶሮ ይዞ ለመጀመር፣ ብሩ የት ላይ ነው የሚያልቀው?

ጀማሪ ከአዳማ፦
ሰላም። ሁለት ጓደኛሞች ነን። 100 የ45 ቀን ቦቫንስ ብራውን (የእንቁላል ዶሮ ዝርያ) ገዝተን እንቁላል ልንሸጥ አስበናል። 20 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ቤት፣ የጫጩቱ መግዣና የአንድ ወር መኖ ብር አለን። ምን ይጎድለናል?

ሒሳብ ሠሪው፦
ብሩ ይጎድላል። የ45 ቀን ጫጩት መጣል የምትጀምረው 20 ሳምንት ገደማ ሲሞላት ነው፤ እስከዚያ ከሦስት ወር በላይ ያለ ገቢ ትቀልቧታላችሁ። አንዷ 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ስለምትበላ ለ100ው 6 ኩንታል ተኩል ይፈልጋል። ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው፦ ብር ሲያጥር በፉርሽካ ብቻ ማዋል ይጀምራል፣ ቄቦቹ ይቀጭጫሉ፣ እንቁላሉም ይዘገያል። ካልሞላላችሁ በ50 ጀምሩ።

ከጣሉ በኋላ አንዷ በቀን 115 ግራም ትበላለች። ከ100ው 80 እንቁላል ብታነሱ ለአንዱ እንቁላል 144 ግራም መኖ ወጣ ማለት ነው። የኪሎ መኖ ዋጋን በ0.144 አባዙት፣ የአንዱ እንቁላል የመኖ ወጪ እሱ ነው። ክትባት፣ ሰጋቱራ፣ መብራትና የሞተች ዶሮ እዚያ ላይ ይደመራሉ።

የዶሮ ሐኪም፦
ስፋቱ ይበቃል፣ በካሬ 5 ዶሮ ነው። የአዳማ ፀሐይ በቆርቆሮ ላይ ግን ቀልድ አይደለም፤ ኮርኒስ ሥሩለት፣ ሁለቱን ረጃጅም ጎኖች በወንፊት ሽቦ ክፈቱ። እንቁላል የሚጥሉበት ሳጥን ለ5 ዶሮ አንድ።

ሻጩን የፈንግልና የጉምቦሮ (ሁለቱም የዶሮ በሽታዎች ናቸው) ክትባት የተሰጠበትን ቀን በጽሑፍ ጠይቁት። የፈንጣጣው ብዙ ጊዜ ለገዢው ይቀራል፣ 10 ሳምንት አካባቢ ይሰጣል። በውሃ የሚሰጥ ክትባት በቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይሞታል፤ በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የወጣለት የወተት ዱቄት አስቀድማችሁ በጥብጡ። ዶሮዎቹን አንድ ሁለት ሰዓት አስጠምታችሁ ስጡ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱ።

እንቁላል አከፋፋይ፦
ሁዳዴን ማንም አላነሳም! 55 ቀን በ80 ሲባዛ 4,400 እንቁላል ነው፣ ዋጋው ደግሞ በወረደበት ሰሞን። ቄቦቹን የካቲት መጨረሻ ብታስገቡ ሰኔ ላይ መጣል ይጀምራሉ፤ መሃል ላይ ፍልሰታ ቢኖርም አጭር ነው፣ ለእንቁጣጣሽ ሙሉ ምርት ላይ ትደርሳላችሁ። ለሚቀጥለው ሁዳዴ ሆቴሎችንና ሙስሊም ደንበኛ የሚበዛባቸውን ቁርስ ቤቶች ከጥር ጀምራችሁ ያዙ፣ በሳምንት ስንት እንደሚወስዱም በወረቀት ተፈራረሙ።

ጀማሪ ከአዳማ፦
እሺ፣ በ50 እንጀምራለን። የቀረው ብር መኖ ይሆናል።