ባልና ሚስት በማስታወስ ፈተና እኩል ነጥብ ቢያመጡ ትርጉሙ አንድ ነው?

ነርስ፣ ፒያሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክሊኒካችን ለአረጋውያን ባለ 5 ነጥቡን አጭር ፈተና ይሰጣል፦ ሦስት ቃል ማስያዝ፣ ሰዓት እንዲስሉ ማድረግ፣ ከዚያ ቃላቱን መልሶ መጠየቅ፤ ለእያንዳንዱ ቃል 1፣ ለሰዓቱ 2 ነጥብ። 3 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ያልፋል። የ70 ዓመት ባልና ሚስት ሁለቱም 3 ቢያመጡ እኩል ጤነኞች ናቸው? የወንድና የሴት አእምሮ እኩል አያረጅም ሲባል እሰማለሁና።

የነርቭ ሐኪም፦
ሲስተር፣ መጀመሪያ 3ቱ ከየት እንደመጣ እዪ። እናት ሦስቱንም ቃል አስታውሰው ሰዓቱን ቢያበላሹት 3 ነው፤ አባት አንድ ቃል አስታውሰው ሰዓቱን አስተካክለው ቢስሉም 3 ነው። ሴቶች ቃል በመያዝ ከወንዶች ይበልጣሉ፣ ብልጫውም እስከ እርጅና ይዘልቃል። ስለዚህ አልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ውስጥ ውስጡን ጀምሮም የቃል ፈተናውን ያልፋሉ፤ መውደቅ ሲጀምሩ በሽታው ርቆ ሄዷል። ከቃል ብቻ 3 ያመጡ እናት ይመርመሩ እላለሁ። እንዲያውም ጥርጣሬ ካለ 3ንም እንደ መውደቅ መቁጠር ይቻላል።

እርጅናውን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በ205 ሰዎች ላይ የወጣ ጥናት የሴቶች አእምሮ በስኳር አጠቃቀሙ በአማካይ 3.8 ዓመት ያህል ወጣት ሆኖ እንዳገኘው ይታወሳል። ሆኖም አሜሪካ ውስጥ ከአልዛይመር ሕሙማን ሁለት ሦስተኛው ሴቶች ናቸው። ረጅም ዕድሜ አንዱ ምክንያት ነው፤ አፖኢ4 የሚባለው ዘረመል ደግሞ ከ65 እስከ 75 ባለው ዕድሜ ሴቶችን ይበልጥ ይጫናቸዋል።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ አራት ኪሎ፦
ሰዓቱ ላይ ብዙ ሰው ያለጥፋቱ ይወድቃል። መመሪያው ቆጣሪዎቹ 11 እና 2 ላይ እንዲያርፉ ይፈልጋል። የእንግሊዝኛውን ቁጥር እንዳለ ወስዳችሁ «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር» ካላችሁ፣ ሰውየው በእኛ አቆጣጠር አስበው ትንሹን ቆጣሪ 5 ላይ ያደርጉታል፤ እናንተም ትሰርዙባቸዋላችሁ። «አምስት ሰዓት ከአሥር» በሉ። የቤታቸው ሰዓት በሐበሻ ቆጠራ የተሞላ ከሆነ ትንሹ ቆጣሪ 5 ላይ ያርፋል፣ ያም ልክ ነው። ቀድማችሁ ጠይቁ።

እርሳስ ይዘው የማያውቁ እናት ክቡ ራሱ ይጣመምባቸዋል። ያኔ ሰዓቱን ትታችሁ አብሮ የሚኖረውን ልጅ ጠይቁ፦ ወጡ ላይ ጨው ደግመው ይጨምራሉ? ቡናውን ሳይጨምሩበት ጀበናውን ጥደው ይጠብቃሉ? ምድጃ ቀርበው ለማያውቁ አባት ይህ ጥያቄ አይሠራም፤ የዕድር ክፍያና የታክሲ መልስ ይሻላል።

ፋርማሲስት፣ ሜክሲኮ፦
«እርጅና ነው» ከመባሉ በፊት ቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን በደም ይለኩ። ጾሙን ሁሉ የሚጾሙ፣ በዚያ ላይ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ እናቶች ቢ12 ያጥራቸዋል፤ በሚሊ ሊትር ከ200 ፒኮግራም በታች ከሆነ እጥረት ነው፣ በጊዜው ከተተካ ማስታወሱ ሊሻሻል ይችላል። ለእንቅልፍ የሚወሰደው አሚትሪፕቲሊንም አእምሮ ያደነዝዛል፤ በድንገት ሳይሆን በሐኪም ቀስ ተብሎ ይቀነስ። ግፊትና ጆሮም አይረሱ፤ ያልሰሙትን ቃል ማንም አያስታውስም።

ነርስ፣ ፒያሳ፦
አመሰግናለሁ። ፈተናውን መድገም ቢያስፈልግስ?

የነርቭ ሐኪም፦
ከስድስት ወር በኋላ፣ በሌሎች ሦስት ቃላት። የቃልና የሰዓት ነጥቡን ለየብቻ ጻፊው፤ ድምሩን ብቻ ከመዘገብሽ የትኛው እንደወረደ አይታወቅም።