ምስጢሩ ሲገለጥ ፍርሃቱ ለምን ይጠፋል?

ጠያቂ፦ የሌሊት አንባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርብ ዓመታት ከወጡት የሳይንስ፣ የፋንታሲና የአስፈሪ ልብወለዶች መካከል ሦስቱን በተከታታይ አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ አንድ ጥያቄ ስላልለቀቀኝ ሐሳባችሁን ለመጠየቅ ወደድኩ። ታሪካቸውን ሳልነካ መጠየቅ ስለማልችል፣ መጻሕፍቱን ለማንበብ ያሰበ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ቢያልፈው ይሻላል።

በአንዲ ዊር «ፕሮጀክት ሄይል ሜሪ» (እ.ኤ.አ. 2021) ባለታሪኩ በጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ከረጅም እንቅልፍ ሲነቃ የገዛ ስሙን እንኳ አያስታውስም። ሆኖም ዕቃ እየጣለ የሚወድቅበትን ጊዜ ሲለካ፣ የሚወድቁት ነገሮች በምድር ላይ ከሚኖራቸው በላይ እንደሚፈጥኑ ይደርስበትና ምድር ላይ አለመሆኑን በስሌት ብቻ ይረዳል። በዚህ መጽሐፍ ማብራሪያው በበዛ ቁጥር ደስታዬም ጨመረ። በሲልቪያ ሞሬኖ-ጋርሲያ «ሜክሲካን ጎቲክ» (2020) ግን ነገሩ ተገለበጠብኝ። ኖኤሚ የተባለችው ወጣት ዘመዷ የጻፈችው ግራ የሚያጋባ ደብዳቤ አሳስቧት ተራራ ላይ ወዳለው አሮጌ ቤት ስትሄድ፣ ሕልምና እውን የሚደበላለቁባቸውን ገጾች መብራት ሳላጠፋ ነበር ያነበብኳቸው። የነገሩ ሁሉ ሥር እንጉዳይ መሆኑ ሲነገረኝ ግን ፍርሃቴ እንደ ጉም በነነ። የሱዛና ክላርክ «ፒራኔዚ» (2020) በሁለቱ መካከል ነው፤ መልሱ ሲመጣ ጥቂት ቅር ብሎኛል፣ አልተከፋሁም ግን። ጉድለቱ የደራሲያኑ ነው፣ የዘውጉ ነው ወይስ የእኔ?

መልስ፦ አሮጌ መደርደሪያ

ስለ «ሜክሲካን ጎቲክ» በሰጡት ፍርድ አልስማማም። የቤቱ ባለቤቶች ከእንግሊዝ መጥተው የብር ማዕድን ያስቆፈሩ፣ ስንቱ ሠራተኛ ያለቀባቸውና አሁንም በእራት ሰዓት ስለ ዘር የበላይነት የሚያወሩ ሰዎች መሆናቸውን ያስታውሱ። እንጉዳዩ የእነዚህ ሰዎች መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ምን እንደሆነ መታወቁ ደግሞ የያዘውን እጅ ይበልጥ አስፈሪ ያደርገዋል እንጂ አያቀልለውም። እስከ መካከለኛው ክፍል ድረስ «ይህ ምንድን ነው?» እያልን እንፈራለን፤ ከዚያ በኋላ የምንፈራው «ይህን ለማድረግ የሚጨክን ማን ነው?» እያልን ነው። እርስዎ ምናልባት የመጀመሪያው ፍርሃት ሲያበቃ መጽሐፉም ያበቃ መስሎዎት ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ማብራሪያው በገጸ ባሕርያቱ አንደበት በረጅም ንግግር መቅረቡ ትረካውን እንደሚያቀዘቅዘው አልክድም።

መልስ፦ ኅዳግ ጸሐፊ

እኔ ስለ «ፒራኔዚ» ብቻ ልናገር። ተራኪው የሚኖረው አዳራሾቹ ማለቂያ በሌላቸው፣ ሐውልቶች በሞሉት፣ የታችኛውን ወለል የባሕር ማዕበል በሚያጥለቀልቀው ቤት ውስጥ ነው፤ በዓለም ላይ እስካሁን የኖሩት ሰዎችም በድምሩ 15 ናቸው ብሎ ያምናል፤ ከእነዚህም 13ቱ አጽም ናቸው። ዓመታቱን በቁጥር ሳይሆን አልባትሮስ የተባለችው የባሕር ወፍ ወደ ደቡብ ምዕራብ አዳራሾች በመጣችበት ዓመት እያለ ይጠራቸዋል። አብሮት ያለው ሰው በእጁ ስለሚይዘው የሚያበራ ዕቃ በየዋህነት ሲገልጽልን፣ እኛ ዕቃው ምን እንደሆነ ወዲያው እናውቃለን፣ እሱ ግን አያውቅም። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ምስጢሩ የሚገለጠው ለአንባቢው ሳይሆን ለተራኪው ነው፤ እኛ የምንጠብቀው መልሱን ሳይሆን መልሱ እሱን ምን እንደሚያደርገው ነው። እኔን ያስለቀሰኝም ይኸው ነበር። ቅር ያለዎት፣ ቀድመው ያወቁትን ነገር እንደ አዲስ ዜና ስለጠበቁት ይመስለኛል።

መልስ፦ የቃላት ሰው

ፈጽሞ ባይገለጥ የሚሻል ምስጢርም አለ። የማርታ ዌልስ «ኦል ሲስተምስ ሬድ» (2017፤ ለሳይንስና ለፋንታሲ ልብወለዶች የሚሰጡትን የሁጎና የኔቡላ ሽልማቶች ያገኘ አጭር ልብወለድ ነው) ተራኪ ከፊሉ ማሽን፣ ከፊሉ ሥጋ የሆነ ጠባቂ ነው፤ እሱን ራሱን የሚቆጣጠረውን መሣሪያ በድብቅ ካሰናከለ በኋላም ትርፍ ጊዜውን ተከታታይ ድራማ በማየት ያሳልፋል። ወንድም ሴትም አይደለም፤ ደራሲዋም ይህን እንደ እንቆቅልሽ ሳታደርገው ታልፈዋለች። ወደ አማርኛ ሊተረጎም ቢታሰብ ግን፣ ተራኪው «እኔ» እስካለ ድረስ ችግር ባይኖርም፣ ሌሎች ስለሱ ሲናገሩ «መጣ» ወይም «መጣች» ማለት ግድ ይሆንባቸዋል፤ ቋንቋችን ደራሲዋ ዝም ያለችበትን ያናግራል። (እኔ ራሴ ከላይ «ካሰናከለ» ብዬ አንዱን መርጫለሁ።) «እሳቸው» እና «መጡ» ቢባል ጾታው ይሸሸግ ነበር፤ ነገር ግን እንደ ዕቃ የሚከራዩትን ጠባቂ ማን በአክብሮት ይጠራል?

ጠያቂ፦ የሌሊት አንባቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሮጌ መደርደሪያ ባሉት መሠረት የእራቱን ትዕይንት ደግሜ አነበብኩት፤ በመጀመሪያው ንባብ እንደ ተራ ወግ ያለፍኩት ንግግር አሁን ከቅዠቶቹ ሁሉ ይበልጥ ከበደኝ። መጨረሻውን በተመለከተ ግን አቋሜን አልለወጥኩም። የቃላት ሰው ያነሱት ደግሞ ወደ «ፕሮጀክት ሄይል ሜሪ» መለሰኝ፦ ባለታሪኩ በዜማ የሚናገረውን ባዕድ ፍጡር ሮኪ ብሎ ከሰየመው በኋላ «እሱ» እያለ ይጠራዋል፤ እኔም እስከ ዛሬ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም ነበር።