ዳያና ሮስ የሱፕሪምስ መሪ ድምፃዊት የሆነችው በድምጿ ነው ወይስ በአለቃው ውሳኔ?

ሰናይት_ዜማ

ጤና ይስጥልኝ። የ1960ዎቹ የአሜሪካ የሴቶች የዘፈን ቡድን ስለሆነው ስለ ሱፕሪምስ የሚጻፈው ነገር አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይጋጭብኛል። ግማሹ ሰው «ፍሎረንስ ባላርድ ድምጿ ይበልጥ ነበር፣ ዳያና ፊት የወጣችው የሸክላ ኩባንያቸው የሞታውን ባለቤት ቤሪ ጎርዲ ስለወደዳት ነው» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ያለ ዳያና ቡድኑ ከዲትሮይትም አይወጣም ነበር» ባይ ነው። ሐሜቱን ትተን በሙዚቃው በኩል የሚያስረዳኝ ፈልጌ ነው። የእሷ ድምፅ በምን ተመረጠ? ሸክላው ላይ የምንሰማቸው ተቀባዮችስ ሁልጊዜ ሜሪ ዊልሰንና ፍሎረንስ ናቸው? በ1967 ስሟ ከቡድኑ ስም ሲቀድም በውሉና በገንዘቡ ምን ተለወጠ? ሦስት ሴቶች ያሉበት ቡድን መሪውን እንዴት ይመርጣል በሚለው ላይ ለምናደርገው ውይይት ስለሆነ ዘርዘር አድርጉልኝ።

ባለ_ሸክላ

ሰናይት፣ ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት ይዟል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ቡድኑ በ1959 ፕራይሜትስ ተብሎ ሲጀመር አራት ልጆች ነበሩ፤ መሪነቱም ተራ በተራ ነበር። በጥር 1961 ለሞታውን ሲፈርሙ ስሙ ተቀየረ፤ ከቀረቡት ስሞች ውስጥ «ሱፕሪምስ»ን የመረጠችው ፍሎረንስ ናት። ባርባራ ማርቲን በ1962 ስትወጣ ሦስት ቀሩ። እስከ 1963 አጋማሽ ያወጧቸው ነጠላ ዜማዎች አንዱም አልያዘም፤ ኩባንያው ውስጥ «ሂት የሌላቸው ሱፕሪምስ» እየተባሉ ይቀለድባቸው ነበር። ጎርዲ መሪነቱን ለዳያና ብቻ የሰጠው በ1963 መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ አዎ፣ ውሳኔው የአለቃው ነው። የወሰነበት ምክንያት ግን ከንቱ አልነበረም።

ፍሎረንስ ከደረት የሚወጣ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ዓይነት ሰፊ ድምፅ ነበራት፤ በቀረጻ ጊዜ ከማይኩ ራቅ ብላ እንድትቆም ይደረግ ነበር። የዳያና ድምፅ ቀጭን ነው፣ ትንሽ በአፍንጫ ያልፋል፣ ቃላቱን ግን ጥርት አድርጋ ነው የምታወጣው። ያኔ ወጣቱ ሙዚቃ የሚሰማው በመኪና ሬዲዮና በትንሿ ትራንዚስተር ነበር። እንዲህ ያለ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ይበላዋል፤ የሚተርፈው መካከለኛውና ከዚያ ትንሽ ከፍ የሚለው ነው፣ የዳያና ድምፅ ደግሞ እዚያው ላይ ነው የሚቀመጠው። ሞታውን ይህን ስለሚያውቅ ሚክሱን በትንሽ ስፒከር ሳይሞክር አያወጣም ነበር። ትልቅ ድምፅ አዳራሽ ይሞላል፤ በሦስት ኢንች ስፒከር ላይ ግን ከባንዱ ጋር ይጋፋል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር የድምፁ ከፍታ ነው። በ1964 ቁጥር 1 የሆነው «ዌር ዲድ አወር ላቭ ጎ» የተሠራው ለእነሱ አልነበረም። የሞታውን ዘፈን ደራሲዎች ሆላንድ፣ ዶዚየርና ሆላንድ ለማርቬሌትስ፣ ለሌላው የሞታውን የሴቶች ቡድን አስበውት፣ የባንዱንም ክፍል በመሪያቸው በግላዲስ ሆርተን ድምፅ ልክ አስቀርጸውት ነበር። ማርቬሌትሶች ዘፈኑን አልፈልግም አሉ፤ ሱፕሪምስም ሲደርሳቸው አልወደዱትም። ቅንብሩ ስላለቀ ከፍታውን መቀየር አልተቻለም፤ ዳያና ከለመደችው ወርዳ መዝፈን ግድ ሆነባት። ከዚያ በፊት ባወጧቸው ዘፈኖች ከፍ ስትል ድምጿ ይሾል ነበር፤ እዚህ ሲወርድ ለሰለሰ፣ ጆሮ ሥር የምትናገር መሰለ። ያን ሸክላ ያሸጠው አንዱ ነገር ይህ ነው።

በነገራችን ላይ ደራሲዎቹ መጀመሪያ መሪነቱን ለሜሪ ዊልሰን ለመስጠት አስበው ነበር፤ ድምጿ ለስላሳ ስለሆነ። ጎርዲ ዳያና ትሁን አለ። ክርክሩን «ፍሎረንስ ወይስ ዳያና» ብሎ መያዝ ሦስተኛዋን ያስረሳል።

ለውይይታችሁ የሚጠቅም ነገር፦ አንዱን አዝማች ሦስቱም ለየብቻ ይዝፈኑት። መጀመሪያ በለመዱት ከፍታ፣ ቀጥሎ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገው፣ በመጨረሻም ሁለት ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገው። ከባንዱ ጋር ቅረጹትና በስልክ ስፒከር ብቻ፣ ያለ ጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ልምምድ ክፍል ውስጥ ያሸነፈችው ብዙ ጊዜ በስልኩ አታሸንፍም።

ተቀባይ_ነኝ

ስለ ተቀባዮቹ ልመልስ። በ1964ና በ1965 ታላላቅ ዘፈኖች ላይ የምትሰሚያቸው ሜሪና ፍሎረንስ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየተቀላቀለ ሄደ። ሞታውን አንዳንቴስ የሚባሉ ሦስት የስቱዲዮ ተቀባዮች ነበሩት፦ ጃኪ ሂክስ፣ ማርሊን ባሮውና ሉቬን ዴምፕስ። ስማቸው ሽፋን ላይ አይወጣም ነበር እንጂ የዚያ ቤት ግማሹ ድምፅ የእነሱ ነው ብል አልተጋነነም። የ1968ቱ «ላቭ ቻይልድ» ላይ ከዳያና ኋላ ያሉት እነሱ እንጂ ሜሪና በ1967 ፍሎረንስን የተካችው ሲንዲ በርድሶንግ አይደሉም። የ1969ኙ የመጨረሻው ቁጥር 1፣ «ሰምዴይ ዊል ቢ ቱጌዘር»ም እንዲሁ ነው፤ የቡድኑ የስንብት ዘፈን ተብሎ ወጣ፣ ከቡድኑ ግን ያለችበት ዳያና ብቻ ናት። ተቀባዮቹ ማክሲንና ጁሊያ ዋተርስ ናቸው፤ መሐል ላይ ጣል የሚያደርገው ወንድ ደግሞ ፕሮዲዩሰሩ ጆኒ ብሪስቶል ነው።

ሁለት ተቀባይ ብቻ ሲኖር ምን ይበላሻል? መሪዋ ዜማውን ስለያዘች ሦስተኛ ድምፅ አትሆንም። ሁለቱ ሰፊ ስምምነት ልፍጠር ካሉ መሐሉ ባዶ ይቀራል፣ ቀዳዳውም ይሰማል። መፍትሔው አጭር መልስ ነው፤ «ቤቢ፣ ቤቢ» ብሎ ተቀራርቦ፣ አንዳንዴም በአንድ ድምፅ። «ዌር ዲድ አወር ላቭ ጎ» ላይ የተደረገው ይኸው ነው። ላሞንት ዶዚየር መጀመሪያ የተወሳሰበ የተቀባይ ክፍል አዘጋጅቶ ነበር፤ ጭቅጭቅ ሲነሳ ተወውና ይህን ቀላሉን ሰጣቸው። በዚህም ዘፈኑ ተረፈ።

የድሮ የቴሌቪዥን ቅጂዎቻቸውን ካየሽ ብዙ ጊዜ ዳያና ለብቻዋ ማይክ አላት፣ ሁለቱ አንድ ማይክ ይጋራሉ። እንዲህ ሲሆን ሚዛኑ የሚስተካከለው በእግር ነው። ጉልበተኛዋ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች፣ ለስላሳዋ ከንፈሯን ወደ ማይኩ ታስጠጋለች። ሁለት ድምፅ አንድ ትራክ ላይ ከገባ በኋላ አንዷን ብቻ ዝቅ ማድረግ አይቻልም። የ«ዌር ዲድ አወር ላቭ ጎ» መግቢያ ላይ ጭብጨባ የሚመስለው ደግሞ እጅ ብቻ አይደለም፤ ጣውላ ላይ በጫማ የተረገጠ ነው።

ውልና_ዜማ

ወደ ገንዘቡ። በ1961 ሲፈርሙ ፍሎረንስ 17፣ ዳያናና ሜሪ 16 ዓመታቸው ስለነበር ወላጅ አብሮ ፈርሟል። ዋናው ችግር ሸክላውን የሚያሳትመው፣ ማኔጀሩና የዜማውን መብት የያዘው ድርጅት ሁሉም የአንድ ሰው፣ የጎርዲ ቤት መሆኑ ነው። ማኔጀር ሥራው ከአሳታሚው ጋር ለአንቺ መከራከር ነበር፤ ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ማን ከማን ጋር ይከራከር?

የሒሳቡን መልክ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ነጠላ ሸክላው 75 ሳንቲም ይሸጣል፣ ሮያሊቲው (ከሽያጩ ለዘፋኞቹ የሚታሰበው ድርሻ) 3 በመቶ ነው፣ የሚታሰበውም በ90 በመቶው ላይ ነው እንበል። ከአንድ ሸክላ 2 ሳንቲም ገደማ ይመጣል፤ ለሦስት ሲካፈል ለአንዷ 0.675 ሳንቲም። አንድ ሚሊዮን ሲሸጥ ለአንዷ 6,750 ዶላር ማለት ነው። ከዚያ ላይ የስቱዲዮው፣ የባንዱና ያልወጡት ቀረጻዎች ወጪ ሳይቀር ይቀነሳል። የዘፈኑ ደራሲ በሌላ በኩል የራሱን ድርሻ ያገኛል። ከ12ቱ ቁጥር 1 ዘፈኖቻቸው 10ሩን የጻፉት ሆላንድ፣ ዶዚየርና ሆላንድ ናቸው፤ ልጆቹ ግን ከዚያ በኩል የሚደርሳቸው አልነበረም።

በ1967 ስሙ «ዳያና ሮስና ሱፕሪምስ» ሲሆን ለኩባንያው ሁለት ነገር ተመቸው። አንደኛ፣ ለመድረክ የሚጠየቀው ዋጋ ከፍ ይላል፤ አዘጋጁ ኮከብም ቡድንም እየገዛ ነው። ሁለተኛ፣ ዳያና ስትወጣ «ሱፕሪምስ» የሚለው ስም እዚያው ይቀራል፤ አንድ ሸቀጥ ሁለት ሆነ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ፍሎረንስ ከላስ ቬጋስ መድረክ ተነሳችና ሲንዲ ተተካች። በ1968 ፍሎረንስ 139 ሺህ ዶላር ገደማ ተቀብላ ስትለቅ፣ ብቻዋን ስትዘፍን የሱፕሪምስ አባል ነበርኩ ብላ ራሷን እንዳታስተዋውቅ ተስማማች። ለእኔ ከውሉ ሁሉ ክፉው ይህ ነው፤ ገንዘብ ያልቃል፣ አዲስ ሸክላ የሚያሸጥልሽ ግን የድሮ ስምሽ ነው። ሁለት ነጠላ ዜማ አወጣች፣ አልሄደላትም። በየካቲት 1976 በ32 ዓመቷ አረፈች።

ስለዚህ ለማንኛውም የሦስት ሰው ቡድን ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት የሚጻፉ ነገሮች፦ ስሙ የማን ነው? አንዷ ብትወጣ ስሙን በምን መልኩ ትጠቀማለች? የመሪዋ ስም ከቡድኑ ስም ፊት ይግባ የሚለው በማን ድምፅ ይወሰናል? ሜሪ ዊልሰን ከጊዜ በኋላ ዋና አባል የሌለበት ቡድን በታዋቂ ስም እንዳይነግድ የሚያግድ ሕግ በአሜሪካ ግዛቶች እንዲወጣ የታገለችው ወዳ አይደለም።

ሰናይት_ዜማ

እግዜር ይስጥልኝ! ሁለት ነገር ብቻ። ዳያና ብቻዋን ስትወጣ ወዲያው ተሳካላት? ፍሎረንስ የመራችው ዘፈንስ የት አገኛለሁ?

ባለ_ሸክላ

ወዲያው እንኳ አይባልም። የመጨረሻው የጋራ መድረክ ጥር 14፣ 1970 ላስ ቬጋስ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋ 20ኛ ላይ ቆመ፤ ቁጥር 1 የሆነው ሁለተኛው፣ «ኤይንት ኖ ማውንቴን ሃይ ኢናፍ» ነው። እዚያ ላይ ግማሹን መንገድ ትናገራለች እንጂ አትዘፍንም፤ ዝቅ ብሎ ጆሮ ሥር የመናገሩ ዘዴ ነው ያወጣት። ሞታውንን በ1981 ለቃ ወደ ሌላው የሸክላ ኩባንያ ወደ አርሲኤ ስትሄድ ውሉ 20 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ለፍሎረንስ የ1961ዱን «በተርድ ፖፕኮርን» ፈልጊ። ስታገኚው ሞኖውን (ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር የሚወጣውን) ቅጂ ያዢ፤ በኋላ በስቴሪዮ የተሠሩት ድምፁን ከባንዱ ስለሚነጥሉት ከዳያና ጋር ማወዳደሩ ያስቸግርሻል። ከዚያ ይህንንና ዳያና የመራችውን አንድ ዘፈን በስልክ ስፒከር በአንድ የድምፅ መጠን አከታትለሽ ክፈቻቸው።