ጅማ ላይ ማንጎ ፀሐይ ላይ ያደረቀ አለ?

ሰላም ጎበዝ፣ ማንጎ ስስ አድርጌ ቆራርጬ ሰፌድ ላይ አስጥቼ ነበር፣ በሁለተኛው ቀን ያው እንደምታውቁት ዝናብ መጣና ሳሎን አስገባሁት፣ ጠዋት ሳየው ጠርዙ ላይ ነጭ ነገር አውጥቷል። ፍቄ ልብላው?

— ኧረ እህቴ ጣዪው! ሰፌድ ከስር አየር አያስገባም፣ እንደ ቡና አልጋ መረብ ወጥረሽ ከመሬት ከፍ አድርጊው፣ ለዝንቡ ሻሽ ጣል አድርጊበት።

— በክረምት አትልፊ፣ ጅማ ልብስ እንኳን መች ይደርቃል 😂 ኦቨን ካለሽ 60 ዲግሪ ላይ በሩን ገርበብ አድርገሽ ሞክሪ።

— ጃፓኖች ፐርሲሞን የሚባል ፍሬ ልጠው በክር ይሰቅላሉ፣ ሲሰነብት በእጅ ያሹታል፣ ሳምንታት ይፈጃል። እሱ ላይ የሚወጣው ነጭ ስኳር ነው፣ ያንቺ ግን ሻጋታ ነው።

— ውይ፣ እኔም ስኳር መስሎኝ አንዷን ቀምሻታለሁ እኮ 🙈