በዊልቸር ወደ ታክሲ ማቆሚያ ለመድረስ የሕግ ምክር እሻለሁ
ጤና ይስጥልኝ። በዊልቸር የምንቀሳቀስ የደሴ ነዋሪ ስሆን፣ ከሸዋ በር ወደ ፒያሳ ሚኒባስ የምሳፈርበት ማቆሚያ የጠርዝ ድንጋዩ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ከጎኑም ክዳኑ የተነሳ የጎርፍ ቦይ ያለበት በመሆኑ፣ ያለ ሰው እርዳታ ልደርስበት አልቻልኩም። በጦሳ ተራራ ሥር የምንኖር ሰዎች ዳገቱንስ ለምደነዋል፤ ለዚህ ጠርዝ ግን በ1 ለ12 ስሌት (ለአንድ እጅ ከፍታ አሥራ ሁለት እጅ ርዝመት) 2.4 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ይበቃ ነበር። ለሚመለከተው ክፍል ሁለት ጊዜ አመልክቼ መልስ አላገኘሁም።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ድንጋጌው ለታክሲ ማቆሚያም ይሠራ እንደሆነ፣ ካልሠራም ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችውን የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በተለይም ትራንስፖርትን የሚጠቅሰውን አንቀጽ 9፣ መሠረት አድርጌ ለማን ማመልከት እንደምችል የምታውቁ እባካችሁ ጻፉልኝ።