ለስፒችና ለኦቲ የ8 ወር ወረፋ ተባልን (ሜሪላንድ)

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጁ 2 ዓመት ከ4 ወር ነው። ሐኪሙ ስፒች ቴራፒም (የንግግር ሕክምና) ኦኪዩፔሽናል ቴራፒም (ኦቲ፣ የእጅ አጠቃቀምና የዕለት ተዕለት ክህሎት ሕክምና) አዞለታል፤ የደወልንላቸው ክሊኒኮች ግን ከ6 እስከ 8 ወር ጠብቁ ይላሉ። ቤት የምናወራው አማርኛ ነው። መጠበቅ ብቻ ነው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

መልስ 1፦
ያለው በር ሁለት ነው፤ እናንተ ያንኳኳችሁት አንዱን ብቻ ነው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የካውንቲው ፕሮግራም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ»፣ ቨርጂኒያ «ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን»፣ ዲሲ «ስትሮንግ ስታርት» ይሉታል። የክሊኒክ ወረፋ ገደብ የለውም፤ ይኼኛው ግን በፌዴራል ሕግ ስሙ በደረሳቸው በ45 ቀን ውስጥ ልጁን መርምረው፣ ብቁ ከሆነ የቤተሰቡን የአገልግሎት ዕቅድ ስብሰባ ማድረግ አለባቸው። የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም፣ ወላጅ ራሱ ይደውላል። ምርመራው ነጻ ነው። ሜሪላንድ አገልግሎቱም አይከፈልበትም፤ ቨርጂኒያ እንደ ገቢ ሊያስከፍል ይችላል።

ነገሩ የሚበላሸው ስልክ ላይ ነው። ከማታውቁት ቁጥር ይደወላል፣ አይነሳም፣ የድምፅ መልእክቱ ሞልቷል። በቤተሰቡ ምክንያት የባከነው ጊዜ ደግሞ እነሱን አያስጠይቅም። በደወላችሁበት ቀን ኢሜይልም ጻፉ፣ ቀኑ በጽሑፍ ይያዝ።

ክሊኒኩን ግን አትሰርዙት። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

መልስ 2፦
አስተርጓሚ ቀጠሮ ሲያዝ ነው የሚጠየቀው፤ የዚያን ዕለት ቢጠየቅ አይገኝም። ዘመድ አታስተርጉሙ። ባለሙያውም ቢሆን ሳያስበው ያርማል፦ ልጁ «ዳቦ ብላ» ብሎ «ልብላ» ማለቱ ከሆነ፣ አስተርጓሚው አቃንቶ «ዳቦ መብላት እፈልጋለሁ» ካለ መርማሪዋ ችግሩን አታየውም። ለእናቱም «ና» ካለ እንዲሁ። ከነስህተቱ እንዲነገራት አስቀድማችሁ አሳስቡ።

ቃላቱን በሁለቱም ቋንቋ ቆጥራችሁ ጽፋችሁ ሂዱ። በ2 ዓመት 50 ያህል ቃልና እንደ «አባ ና» ያለ የሁለት ቃል ቅንጅት ይጠበቃል። «አማርኛውን አቁሙ» የሚል ቢመጣ አትስሙት፤ ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት አያመጣም። የጆሮ ምርመራ ደግሞ አሁኑኑ አስይዙ። ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ካለ ስፒች ብቻውን አይበቃም።

መልስ 3፦
ስለ ክሊኒኩ። ሐኪሙ ለስፒችና ለኦቲ ለየብቻ «ምርመራና ሕክምና» ብሎ ይጻፍ፤ «ምርመራ» ብቻ ከሆነ ከምርመራው በኋላ እንደገና ወረቀት ፍለጋ ነው። ኢንሹራንሱን በኮድ ጠይቁ፦ የስፒች ምርመራ 92523፣ የኦቲ ከ97165 እስከ 97167። ቅድመ ፈቃድ ይፈልጋል? በዓመት ስንት ጊዜ ይከፍላል? ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ከሆነ እስከ 21 ዓመት ድረስ ለልጁ በሕክምና አስፈላጊ የሆነውን መሸፈን አለበት።

ወረፋ የሚረዝመው ከትምህርት ቤት በኋላ ባለው ሰዓት ነው። «ጠዋት 4 ሰዓትም እኩለ ቀንም እንችላለን፣ ሰው ሲሰርዝ ጥሩን» በሉ። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲና የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ክሊኒኮችንም ጠይቁ። ተማሪዎች በባለሙያ ክትትል የሚሠሩባቸው ናቸው፤ ቦታ የሚከፈተው ሴሚስተር ሲጀመር ስለሆነ ቀድሞ መመዝገብ ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። 3 ዓመት ሲሞላውስ?

መልስ 1፦
ከካውንቲው ፕሮግራም ወደ ትምህርት ቤት አገልግሎት የሚሸጋገርበት ስብሰባ ከ3ኛ ዓመት ልደቱ ቢያንስ 90 ቀን በፊት መደረግ አለበት፤ ካልጠሯችሁ እናንተ ጥሩ። ሜሪላንድ ውስጥ ለትምህርት ቤቱ አገልግሎት ብቁ ከሆነ ከ3 በኋላም በቤተሰብ ዕቅዱ መቀጠል ይፈቀዳል፣ 4 ዓመት ከሞላው ቀጥሎ እስከሚጀምረው የትምህርት ዘመን። ወደ ትምህርት ቤቱ ከዞረ ምርመራው ፈቃዱን ከፈረማችሁ በ60 ቀን ውስጥ ነው። እዚያ ኦቲ ከዋናው አገልግሎት ጋር ተያይዞ የሚሰጥ ደጋፊ አገልግሎት ነው፤ ለኦቲ ብቻ ብሎ የሚከፈት ዕቅድ የለም። ስለዚህ የስፒቹ ምርመራ ደከም ብሎ ከተጻፈ ኦቲውም አብሮ ሊቀር ይችላል። ሪፖርቱን ከስብሰባው በፊት ጠይቃችሁ አንብቡት።