ክርክር፦ ይቅርታ ያልጠየቀን ይቅር ማለት የክርስቲያን ግዴታ ነው?

ጠያቂው፦
ያለፉ በደሎች እንዴት እንደሚዳኙ የሚመራው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚያዝያ 2016 ከጸደቀ ወዲህ «ክርስቶስ ዋጋችንን ከፍሏል፤ እኛም ያለፈውን ይቅር ብለን እንለፈው» የሚል ንግግር ደጋግሜ እሰማለሁ። ከዚህ በፊትም የሃይማኖት መሪዎች ለደርግ ባለሥልጣናት ምሕረት ለምነው ነበር። በግንቦት 2003 የ23ቱ የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በ2004 መጀመሪያ ብዙዎቹ በአመክሮ ወጡ። በእምነታችሁ የምትኖሩ ንገሩኝ፤ በዳዩ ሳይጠይቅ ይቅር ማለት አለብን?

መጋቢው፦
አዎ፣ አለብን። ጌታ በመስቀል ላይ «የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» ሲል ከሰቃዮቹ ይቅርታ የጠየቀው አልነበረም። ስርየቱ ንስሐችንን አልጠበቀም፤ ቀድሞን መጣ። የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን፣ በሐምሌ 1971 ታፍነው ተገደሉብን። ለገዳዮቻቸው እጸልያለሁ፤ ይህን የማደርገው ስለሚገባቸው ሳይሆን እኔም በምሕረት ስለምኖር ነው።

የሟች እህት፦
መጋቢ፣ ስለ እናቴ ልንገርዎ። ታላቅ ወንድሜን በ1970 ከቤት ወሰዱት። አስከሬን ለመረከብ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ቤተሰቦች ነበሩ፤ እኛ የሚከፈልበት አስከሬን እንኳ አላገኘንም። እናቴ «አባታችን ሆይ» ስትደግም «እኛ የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ይቋረጣል። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትቆይና ከ«ወደ ፈተና አታግባን» ትቀጥላለች። እስክትሞት እንዲሁ ነበረች። ልጇን የወሰደው አብዮት ጥበቃ፣ የደርግ የቀበሌ ታጣቂ፣ እዚያው ሰፈራችን ነበር፤ እድራችንም አንድ ነው። አባቴ ሲሞት ድንኳን ተክሏል፣ ቆሎ አዙሯል፤ እናቴም ከእጁ ተቀብላለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የት ቀበራችሁት?» እሱ ግን «ተይው እማማ፣ ያለፈ ነገር ነው» አላት። አሁን ሁለቱም የሉም። እናቴ በዳይ ናት ሊሉኝ ነው?

መጋቢው፦
በፍጹም እህቴ። ነፍሷን በገነት ያኑርልን። ያንን ቃል አላስመስልም ብላ ዝም ማለቷን እግዚአብሔር ከብዙዎቻችን ጸሎት ይልቅ ሰምቶታል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ቂም ተሸካሚውን ይጎዳል። እኔ የምፈራው እሱን ነው።

ዲያቆኑ፦
መጋቢ የሉቃስ 23ን ጠቀሱ፤ ሉቃስ 17፥3 ደግሞ «ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፤ ቢጸጸትም ይቅር በለው» ይላል። ተግሣጹም ጸጸቱም ተጽፏል። በእኛ ቤትም ቤዛነቱ በነፃ የተሰጠን ነው፤ ያም ሆኖ ልቆርብ ስል የንስሐ አባቴ «የሰው ገንዘብ ይዘሃል? መልስ። የተቀያየምከው አለ? ታረቅ» ይሉኛል። ዘኬዎስ መዳን ቤቱ ሲገባ የነጠቀውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። ቂሙን ከልቤ ለማውጣት ጸሎት ይበቃኛል። ለመታረቅ ግን ሰውየው መምጣት አለበት። በሽምግልናችንም በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሶ ይመጣል። እማማን «ተይው» ያላት ሰው ድንጋዩን እሷ ላይ ጫነ።

ጠበቃው፦
የሕጉን ነገር ልጨምር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 መሠረት የዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን በግዳጅ መሰወርና ኢሰብአዊ ድብደባ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ አይታለፉም። ርእሰ ብሔሩ የሞት ቅጣትን ወደ ዕድሜ ልክ ማሻሻል ግን ይችላል። በ2003 የሆነው ይህ ነው። ጥፋተኝነታቸው አልተሰረዘም፤ የወጡትም 20 ዓመት ያህል ታስረው ነው። አሁን «በክርስቶስ ስም ምርመራው ይቅር» የሚለን ሰው ያኔ ከተደረገው እጅግ የራቀ ነገር እየጠየቀ ነው። አገሪቱ ደግሞ የሙስሊሙም ናት፤ እምነት የሌለውም ይኖርባታል።

መጋቢው፦
ምርመራው ይቅር አላልኩም፤ እውነቱ ይውጣ። ንስሐ የምንሰብክ ሰዎች እውነት እንዳይወጣ ብንለምን በወንጌሉ ላይ እናምፃለን። ሆኖም እውነቱ ባይወጣስ? በዳዩ እንደዚያ ሰው ሳይናገር ቢሞትስ? ለቀረው ሰው ከክርስቶስ ሌላ የምሰጠው የለኝም።

የሟች እህት፦
ይህን እቀበላለሁ መጋቢ። እኔም የቆምኩት በእሱ ነው። የምለምነው ሌላ ነው። ደርግ የገደላቸው የ60ዎቹ የንጉሡ ባለሥልጣናት አፅም ተቆፍሮ ወጥቶ ቅድስት ሥላሴ ተቀብሯል፤ ደርግ የገደላቸው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ጎፋ ገብርኤል አርፈዋል። የስንቱ ሰፈር ልጅ ግን የት እንደወደቀ አይታወቅም። በ2003 ቤተ መንግሥት ድረስ ለምሕረት የሄዳችሁ አባቶችና መጋቢዎች፣ ዘንድሮ መጀመሪያ ወደ በዳዮቹ ቤት ሂዱልን። አርጅተዋል፤ ንስሐ አባትም ፓስተርም አላቸው። ቦታውን ያሳዩ። ወንድሜ ያለበትን ያወቅሁ ዕለት ፍትሐት አስደርጋለሁ፤ የዚያን ሰው ልጆችም ለተዝካሩ እጠራቸዋለሁ።